የአንገት ዕጢና የሰው መንፈስ
የቴዎዶር ኮኸር የሕይወት ታሪክ

በአገራችን ደጋ ያደገ ሰው ሁሉ እንቅርትን ያውቃል። ከምንጭ ውሃ ቀድተው ሲመለሱ ወይም ገበያ ውለው ሲገቡ አንገታቸው ያበጠ እናቶችን ያላየ የለም። መከራ በመከራ ላይ ሲደረብ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ብለን የምንተርተውም ነገሩ ከዓይናችን ርቆ ስለማያውቅ ነው። ዳሩ ግን ይህ በአንገት ፊት የተቀመጠ፣ ክብደቱ 20 ግራም ያህል የሆነ ዕጢ ከሰው አሳብና ኀዘን፣ በሕይወት ለመኖርም ካለን ፈቃድ ጋር ምን ዝምድና እንዳለው የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ይህን ዝምድና ለዓለም ከገለጡት ሰዎች አንዱ የስዊስ አገር ሐኪም ቴዎዶር ኮኸር ነው። የገለጠውም በገዛ እጁ ሰውን ጎድቶ፣ ጕዳቱን ተመልክቶ፣ ያየውንም በአደባባይ ተናግሮ ነው። ስለዚህ ታሪኩ ለሕክምና ተማሪ ብቻ የሚነገር አይደለም፤ ዕውቀት አለኝ ብሎ በሰው ሕይወት ላይ እጁን ለሚያነሣ ሁሉ የሚሆን ትምህርት አለበት። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ኤሚል ቴዎዶር ኮኸር ኦገስት 25 ቀን 1841 ዓ.ም. በበርን ከተማ ተወለደ። አባቱ መሐንዲስ ነበር። እናቱ የሞራቪያ ወንድማማቾች ከሚባለው የፕሮቴስታንት ማኅበር የነበረች፣ ሃይማኖቷን የምታጠብቅ ሴት ነበረች። ልጁም ከአባቱ የልክና የሥርዓት ፍቅርን፣ ከእናቱ ደግሞ ለኅሊናው መልስ የመስጠትን ልማድ ወረሰ ቢባል ከእውነት አይርቅም። ሁለቱም ጠባዮች ኋላ በሕይወቱ በከባዱ ሰዓት አብረው ታይተዋል።

ኮኸር በተወለደበት ከተማ ሕክምና ተምሮ በ1865 ዓ.ም. የዶክተርነት ማዕርግ አገኘ። ከዚያም በዘመኑ ስመ ጥር የነበሩትን የቀዶ ጥገና ሊቃውንት ሥራ ለማየት ወደ ዙሪክ፣ ወደ በርሊን፣ ወደ ሎንዶንና ወደ ፓሪስ ተጓዘ። በዚያ ዘመን ኦፕራሲዮን ማለት ፍጥነት ማለት ነበር። ሐኪሙ ቶሎ ቈርጦ ቶሎ ይጨርሳል፤ ደም ይፈሳል፤ ቁስሉ ይመረቅዛል፤ ሕመምተኛው ቢድን የዕድሉ ነው። የእንግሊዙ ሊስተር ቁስልን ከጀርም የመጠበቅን ዘዴ ገና ያስተዋወቀበት ጊዜ ስለነበረ፣ ወጣቱ ኮኸር አዲሱን ትምህርት ከልቡ ተቀበለው። ፍጥነትን ትቶ ጥንቃቄን መረጠ። ደም የሚፈስበትን ሥር ሁሉ አንድ በአንድ እየያዘ፣ በዝግታና በንጽሕና መሥራትን ልማዱ አደረገ።

በ1872 ዓ.ም. በበርን ዩኒቨርሲቲ የቀዶ ጥገና ፕሮፌሰርነት መንበር ክፍት ሆነ። መምህራኑ ሌላ ሰው ከውጭ አገር ለማምጣት አሰቡ። ተማሪዎቹና ረዳት ሐኪሞቹ ግን በክፍላቸውና በሆስፒታሉ የሚያውቁትን ኮኸርን ፈለጉ፤ ፈርመውም ለመንግሥቱ አቤቱታ አቀረቡ። መንግሥቱም ጥያቄያቸውን ተቀብሎ ገና 30 ዓመቱ የነበረውን ሰው ሾመው። የተማሪ አቤቱታ እንዲህ ያለ ፍሬ ማፍራቱን ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። ኮኸርም ኢንዝል ሽፒታል በሚባለው የበርን ሆስፒታል ለ45 ዓመት ያህል ሠራ፤ ከታላላቅ ከተሞች ሲጠሩት እንኳ አገሩን አልለቀቀም።

እንቅርት በዚያን ጊዜ የስዊስ ተራሮች መቅሠፍት ነበር። ብዙ ሰው አንገቱ አብጦ ይኖራል፤ እብጠቱ ሲያድግ የመተንፈሻውን ቧንቧ ይጫንና ሰውየው ይታፈናል። ሐኪሞች ግን በቢላዋ ለመንካት ይፈሩ ነበር፤ ምክንያቱም ዕጢው በደም ሥር የተሞላ ነው። በ19ኛው ምዕት ዓመት አጋማሽ እንቅርቱን በኦፕራሲዮን ለማስወጣት ከገቡት ሰዎች ከአሥሩ አራቱ ያህል ይሞቱ ነበር። ኮኸር በትዕግሥቱና በንጽሕናው ይህን ለወጠ። ቍጥሩ ከዓመት ወደ ዓመት እየቀነሰ ሄዶ፣ በመጨረሻ በእጁ የሚሞተው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም ነበር። በሕይወቱ ዘመን ያደረገውም የእንቅርት ኦፕራሲዮን ከ5,000 በላይ ነው። ታፍነው ሊሞቱ የነበሩ ሰዎች እየተነፈሱ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ስሙም በመላ አውሮፓ ተሰማ።

ነገር ግን ያን ጊዜ የታይሮይድ ዕጢ ጥቅሙ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አንዳንዱ ወደ አንጐል የሚሄደውን ደም የሚመጥን ነው ይላል፤ አንዳንዱም አንገትን ለማሳመር የተሠራ ይመስለዋል። ጥቅሙ ካልታወቀ ደግሞ ሥራን ሙሉ አድርጎ መጨረስ ከሚወድ ሐኪም ዘንድ ዕጢውን ከነሥሩ ማውጣት የሚሻል ይመስላል። ኮኸርም በብዙዎቹ ላይ እንዲህ አደረገ። እንቅርቱ ዳግመኛ እንዳይመለስ ምንም ሳያስቀር አወጣው።

በጃንዋሪ 1874 ዓ.ም. የ11 ዓመት ልጅ የሆነች ሕመምተኛ በዚህ ዓይነት ኦፕራሲዮን ተደረገላት። ቁስሏ በደኅና ዳነ። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ልጅቱን ወደ እርሱ የላካት ሐኪም ጠባይዋ እንደ ተለወጠና እንደ ፈዘዘች ነገረው። ኮኸር ወሬውን ሰማ፤ ይሁን እንጂ የነገሩ ሥር አልታየውም። አንዲት ልጅ ናት፤ ልጅ ደግሞ በብዙ ምክንያት ሊለወጥ ይችላል። ሥራውም ቀጠለ።

ስምንት ዓመት አለፈ። በሴፕቴምበር 1882 ዓ.ም. በጄኔቭ ከተማ በተደረገ የጤና ጉባኤ ላይ ዣክ ሉዊ ሬቨርዲን የሚባል የዚያው አገር ሐኪም ኮኸርን አግኝቶ አነጋገረው። ሬቨርዲን ዕጢያቸውን ሙሉ በሙሉ ካወጣላቸው ሰዎች አንዳንዶቹ ከጊዜ በኋላ ደክመውና ፊታቸው አብጦ አሳባቸውም ዘግይቶ ማየቱን ነገረው፤ የእርሱስ ሕሙማን እንዴት እንደሆኑ ጠየቀው። ኮኸር ይህን ጊዜ የዚያች ልጅ ነገር ትዝ ሳይለው አልቀረም። ወደ በርን ተመልሶ መዝገቡን ገለጠ፤ ለሕሙማኑም እየመጡ እንዲታዩ ጥሪ ላከ።

ዕጢያቸው ሙሉ በሙሉ ከወጣላቸው 34 ሰዎች 18ቱ መጥተው ታዩ። ከ18ቱ ጤነኞች ሆነው የተገኙት 2 ብቻ ናቸው። የቀሩት 16ቱ አንድ ዓይነት መከራ ነበረባቸው። ድካም የማይለቃቸው፣ እጅና እግራቸው የከበደ፣ በበጋ የሚበርዳቸው፣ ቆዳቸው የደረቀ፣ ጠጕራቸው የረገፈ፣ ፊታቸው ያበጠ ሆነው ተገኙ። ከሁሉ የባሰው ግን የመንፈሳቸው ሁኔታ ነው። ቃል ለማውጣት ይዘገያሉ፤ ለሚጠየቁት ቶሎ አይመልሱም፤ ቀድሞ ይወዱት የነበረው ሥራ አያስደስታቸውም። ያችም ልጅ መጣች። ቀድሞ ትመስላት የነበረች ታናሽ እኅቷ አድጋ ወይዘሪት ስትሆን፣ እርሷ ቁመቷ አጥሮ፣ መልኳ ተበላሽቶ፣ አእምሮዋ ደክሞ ቀርታ ነበር።

ከዚህ ላይ የነገሩን አስገራሚነት እንይ። ሌሎች ሐኪሞችም እንደ ኮኸር ታይሮይድን ያወጡ ነበር፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ፈጥነው ስለሚሠሩ ከዕጢው ቍራጭ ይቀርባቸዋል። ያ የተረሳ ቍራጭ ሕመምተኛውን ከዚህ መከራ ያድነዋል። የኮኸር እጅ ግን ንጹሕና ሙሉ ስለሆነ ምንም አላስቀረም። የሕሙማኑ ጕዳት የመጣው በሥራው ፍጹምነት ምክንያት ነው። ዕውቀት በጎደለበት ቦታ የእጅ ብልሃት ብቻውን ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ከዚህ የበለጠ ምስክር ማግኘት ያዳግታል።

እንግዲህ ኮኸር ምን ያድርግ? ሞታቸው ከተቀነሰ በቂ ነው ብሎ ዝም ማለት ይችል ነበር። ሕሙማኑ በየተራራው ተበታትነው የሚኖሩ ድኾች ናቸው፤ ማንም ቈጥሮ አይጠይቀውም። እርሱ ግን በአፕሪል 1883 ዓ.ም. ወደ በርሊን ሄዶ በጀርመን የቀዶ ጥገና ሐኪሞች ማኅበር ፊት ቆመ። ባደረጋቸው 101 የእንቅርት ኦፕራሲዮኖች ላይ ባቀረበው ንግግር በገዛ እጁ የደረሰውን ጕዳት በቍጥር አስረዳ። ለሕመሙም ከእንቅርት መውጣት በኋላ የሚመጣ የሰውነት መክሳት የሚል ትርጕም ያለው የላቲን ስም አወጣለት። ካንሰር ካልሆነ በቀር ከዚያ ወዲያ ታይሮይድን ሙሉ በሙሉ ላለማውጣት ቈረጠ፤ ከዕጢው ጥቂቱን ማስቀረትም የዓለም ሐኪሞች ሁሉ ደንብ ሆነ።

እውነቱን ለመናገር ኮኸር የሕመሙን ምክንያት በመጀመሪያ አላገኘውም። የመተንፈሻው ቧንቧ ስለሚጐዳ አየር አጥተው ይሆናል ብሎ ገመተ። ትክክለኛውን መልስ በዚያው ዓመት በሎንዶን ፌሊክስ ሴሞን የተባለ ሐኪም አቀረበ። እንግሊዞች ታይሮይዳቸው በራሱ ጊዜ የደከመባቸውን ሴቶች ሕመም አስቀድመው አይተው ሚክሲዲማ ብለውት ነበር። ሴሞን ይህ ሕመም፣ በተራራ አገር የሚወለዱ የደከሙ ሕፃናት ሕመምና የኮኸር ሕሙማን መከራ ሦስቱም አንድ ናቸው፤ ምክንያታቸውም የታይሮይድ ሥራ መጥፋት ነው አለ። ብዙዎች ሳቁበት። ማኅበሩ ግን ነገሩን የሚመረምር ጉባኤ አቆመና ጉባኤው በ1888 ዓ.ም. ሴሞን እውነቱን እንደሆነ መሰከረ።

ያ የ1888 ዓ.ም. መግለጫ ለአእምሮ ሐኪሞችም ትልቅ ነገር ነበረው። ከመቶ በላይ ሕሙማን ተመርምረው ወደ ግማሽ በሚጠጉት ላይ የሌለ ነገር ማየትና መስማት ወይም የተሳሳተ እምነት መያዝ ተገኘ። አንዳንዶቹ በከባድ የመንፈስ ጭንቀት፣ አንዳንዶቹም በለየለት እብደት የተያዙ ነበሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ ጆርጅ መሪ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ከበግ ታይሮይድ የተቀመመ መድኃኒት ለአንዲት ሚክሲዲማ ላለባት ሴት በመርፌ ሰጠ፤ ሴትየዋም ድና 28 ዓመት ኖረች። የደነዘዘ የመሰለው መንፈስ የጎደለውን ሲሰጡት የሚነሣ መሆኑ በዚህ ታወቀ።

ትምህርቱ ግን በቀላሉ ይረሳል። በ1949 ዓ.ም. ሪቻርድ አሸር የተባለ የሎንዶን ሐኪም የ14 ሕሙማንን ታሪክ ጽፎ አወጣ። እነዚህ ሰዎች አእምሯቸው ታውኮ እንደ እብዶች የተቈጠሩ ነበሩ፤ ነገሩ ሲመረመር ግን የደከመው ታይሮይዳቸው ነበር። መድኃኒቱን ሲያገኙ ብዙዎቹ ወደ ልባቸው ተመለሱ። ቢላዋ ባልነካቸው ሰዎች ላይ እንኳ የኮኸር ሕሙማን መከራ ተደብቆ ሊኖር እንደሚችል አሸር አሳየ።

ዛሬ የምናውቀው ከዚህ ይሰፋል። ከታይሮይድ የሚወጣው ሆርሞን በደም ተሳፍሮ ወደ አንጐል ይገባል፤ ደስታን፣ እንቅልፍንና ትጋትን በሚያዙት የአንጐል ቅመሞች ሥራ ላይም ኀይል አለው። ዕጢው ሲደክም በአንጐል ሥር ያለችው ሌላ ዕጢ ለማነሣሣት የራሷን ሆርሞን አብዝታ ትልካለች። ይህ ሆርሞን በደም ምርመራ ይለካል። ታይሮይዱ የደከመ ሰው ድብርት ሊይዘው ይችላል፤ ታይሮይዱ ከልክ በላይ የሚሠራ ሰው ደግሞ ይጨነቃል፣ ይቈጣል፣ እንቅልፍ ያጣል።

ከዚህም ተነሥተው ሊቃውንት አንድ ከባድ ጥያቄ ይመረምራሉ። ይኸውም በአእምሮ ሕሙማን ዘንድ የታይሮይድ ሁኔታ ራስን ከማጥፋት አደጋ ጋር ይያያዛልን? የሚል ነው። በከባድ ድብርት ከተያዙት መካከል ሕይወታቸውን ለማጥፋት በሞከሩት ሰዎች ላይ የታይሮይድ ልክ ተዛብቶ የተገኘባቸው ጥናቶች አሉ። ልዩነት ያልተገኘባቸውም አሉ። ስለዚህ የደም ምርመራ ብቻውን ማን በአደጋ ላይ እንዳለ ሊነግረን አይችልም፤ ታይሮይዱ ጤነኛ ሆኖ በተስፋ መቍረጥ የሚሠቃይም ብዙ ነው። ቢሆንም በድብርት የታመመ ሰው ሁሉ ታይሮይዱ ቢመረመር ጥቅም እንጂ ጕዳት የለውም፤ የጎደለው ቢገኝ በየዕለቱ በሚዋጥ ክኒን የሚሞላ ነውና።

ሁለቱ ነገሮች አብረው የሚታዩበት አንድ ምሳሌ ሊቲየም የሚባለው መድኃኒት ነው። የአሸር ጽሑፍ በወጣበት በዚያው በ1949 ዓ.ም. ጆን ኬድ የተባለ የአውስትራሊያ ሐኪም ለአእምሮ ሕሙማን እንደሚጠቅም ገለጠ። መንፈሳቸው አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ በሚልባቸው ሕሙማን ዘንድ ራስን የማጥፋትን አደጋ ከሚቀንሱት መድኃኒቶች ዋነኛ ሆኖ ይቈጠራል። ይሁን እንጂ ይኸው መድኃኒት ታይሮይድን ሊያደክም ይችላል። ስለዚህ አስተዋይ ሐኪም ሊቲየም ከመስጠቱ በፊትና ከሰጠም በኋላ በየጊዜው የሕመምተኛውን ታይሮይድ ያስለካል። ሕይወት የሚያድን እጅ ሌላ ጕዳት እንዳያደርስ ተመልሶ ማየት ያስፈልጋልና። ይህ ደግሞ የኮኸር ትምህርት ነው።

ኮኸር በታይሮይድ ላይ ስላደረገው ምርምርና ሕክምና በ1909 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ይህን ሽልማት ካገኙት የቀዶ ጥገና ሐኪሞች የመጀመሪያው እርሱ ነው። በ1912 ዓ.ም. በበርን የምርምር ተቋም እንዲቆም 200,000 የስዊስ ፍራንክ ሰጠ። ከየአገሩ ብዙ ሐኪሞች ከእርሱ ሊማሩ ይመጡ ነበር፤ ኋላ በአንጐል ኦፕራሲዮን ስሙ የገነነው አሜሪካዊው ሃርቪ ኩሺንግ ከእነዚህ አንዱ ነው። የኮኸር መቆንጠጫ የሚባለው መሣሪያም እስከ ዛሬ በኦፕራሲዮን ክፍል ይገኛል። በጁላይ 1917 ዓ.ም. በአንድ ምሽት ለድንገተኛ ሕመምተኛ ተጠራ። ሄዶ ሠራ፤ ሲጨርስ ሕመም ተሰማውና ተኛ። በአልጋው ላይ ሆኖ ጽሑፉን ሲያስተካክል ከቈየ በኋላ ጁላይ 27 ቀን በ75 ዓመቱ አረፈ።

እርሱ ከሞተ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1922 ዓ.ም. ስዊሶች ለምግብ ጨው አዮዲን መጨመር ጀመሩ። ታይሮይድ ሆርሞኑን የሚሠራው ከአዮዲን ስለሆነ፣ አዮዲን በጎደለበት ተራራማ አገር እንቅርት ይበዛል። ቢላዋ በሺሕ የሚቈጠሩ ሰዎችን ሲያድን ጨው መላውን ሕዝብ አዳነ። ይህ ጕዳይ የእኛም ነው። የኢትዮጵያ ደጋ አፈር አዮዲን ያነሰው ነው፤ በ2011 ዓ.ም. በአገራችን ለምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን ያለው እንዲሆን በደንብ ታዟል። እናት በእርግዝናዋ ጊዜ አዮዲን ብታጣ የልጇ አእምሮ ስለሚጐዳ፣ የጨው ነገር የወጥ ቤት ነገር ብቻ ተደርጎ አይታይ።

እኛ ተማሪዎች ከዚህ ሰው ሕይወት የምንወስደው ሁለት ነገር ይመስለኛል። አንደኛው ለጓደኛችን የሚሆን ነው። ከመካከላችን አንዱ ክፍል መምጣት ቢተው፣ ቀን ከሌት ቢተኛ፣ የሚወደውን ቢጠላ፣ መኖር ሰለቸኝ ቢል፣ ሰነፈ ወይም መንፈስ ያዘው ብለን አንለፈው። የኮኸር ሕሙማን ሰነፎች አልነበሩም፤ የጎደላቸው በአንገታቸው ያለ ነገር ነበር። አጠገቡ ተቀምጠን እንጠይቀው፤ ብቻውን አንተወው፤ ወደ ሐኪምም ይዘነው እንሂድ። ምርመራው ታይሮይዱን ጤነኛ ቢያደርገውም ድብርት ራሱ መድኃኒት ያለው ሕመም ነው። ይህን ጽሑፍ የሚያነብና እንዲህ ያለ ጭንቀት ያለበትም ቢኖር ዛሬውኑ ለሚያምነው ሰው ይንገር።

ሁለተኛው ለራሳችን ነው። ነገ ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ መምህር ወይም ሹም ሆነን የምንሠራው ሥራ በሰው ላይ ያርፋል። ሥራው በተፈጸመበት ቀን አምሮ መታየቱ በቂ አይደለም። ኮኸር ሥራውን መርምሮ ለማየት ስምንት ዓመት ዘግይቷል፤ በዚያም መዘግየት የተጐዱ አሉ። ሆኖም መዝገቡን ገልጦ፣ የነካቸውን ሰዎች ጠርቶ፣ ፊታቸውን አይቷል። ከዚያ ወዲያ ከታይሮይድ ጥቂቱ እየቀረላቸው በደኅና የኖሩ ሰዎች ቍጥር ስፍር የለውም።